«አቅምሽን መጥኚ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሐኪም «አቅምሽን መጥኚ» ሲለን ብዙዎቻችን «ተኚ» ያለን ይመስለናል። አይደለም። እኔም የመገጣጠሚያ ብግነት ይዞኝ ለወራት የገባኝ እንደዛ ነበር።

ደህና በሆንኩበት ቀን ሂርማታ ገበያ ወርጄ፣ ሸምቼ፣ ልብስ አጥቤ፣ ማታ ደግሞ እንግዳ ተቀብዬ ቡና ከአቦል እስከ በረካ አፈላለሁ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ጣቶቼ አብጠው የጀበናውን እጀታ እንኳ መጨበጥ ያቅተኛል። መመጠን ማለት ይሄን ሽቅብ ቁልቁል መቀነስ ነው። እረፍቱ የሚወሰደው ከደከመን በኋላ ሳይሆን ከመድከማችን በፊት ነው። ሳያምሽ 30 ደቂቃ መቆም ከቻልሽ፣ 20 ደቂቃ ላይ ቁጭ በይ። በተለይ በደህናው ቀን!

ጭንቀትም አቅም ይበላል። ተጨቃጭቄ የዋልኩ ቀን ምንም ሳልሠራ ይደክመኛል፣ ስለዚህ እሱም ይቆጠራል። ዝም ብሎ መተኛት ደግሞ ጡንቻ ያላላል፣ መገጣጠሚያ ያገትራል።

አሁን ገበያ በእግሬ ሄጄ በባጃጅ እመለሳለሁ። ልብሱ ለሌላ ቀን ይቆያል። ጎረቤቴ እማማ «ምነው ልጄ፣ ሰነፍሽ?» ሲሉኝ በፊት ይከፋኝ ነበር፤ አሁን ግን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው፣ ጀበናውንም ከእጄ ተቀበሉኝ።