አጥር ውስጥ የገቡ ጨዋታዎች፦ ለአንድ ኮንሶል ብቻ መሥራት ዛሬም ያዋጣል?

ሃሎ የተባለው የተኩስ ቪዲዮ ጨዋታ በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ሲታይ መድረኩ የአፕል ነበር፤ ለማክ ኮምፒውተር እንደሚወጣም ተነግሮለት ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ ማይክሮሶፍት ሠሪውን ኩባንያ ቡንጂን ገዛና ጨዋታውን በ2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ጨዋታ ከሚያጫውተው የራሱ መሣሪያ (ኮንሶል) ጋር አወጣው። ኮምፒውተር ላይ ቆይቶ ቢደርስም በሌላ ኮንሶል ግን አልታየም። ለሃያ ዓመታት ያህል ኤክስቦክስ የገዛ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ሃሎን ነበር። በ2025 መገባደጃ ላይ ያው ማይክሮሶፍት እንደ አዲስ የተሠራው የመጀመሪያው ሃሎ በ2026 ለተፎካካሪው የሶኒ ኮንሶል ለፕሌይስቴሽን 5 ጭምር እንደሚወጣ አስታወቀ።

ዜናው እንደተሰማ ፍርድ ተሰጠ። ለአንድ ኮንሶል ብቻ የሚሠራ ጨዋታ ዘመኑ አልፏል ያሉ ነበሩ፤ ይህ የተሸናፊ ሩጫ እንጂ የዘመን ለውጥ አይደለም ያሉም ነበሩ። በእኔ ዕይታ ሁለቱም ወገኖች ችኩለዋል። የሚነሱትን ክርክሮች አንድ በአንድ ስንፈትሽ ለአንድ ኮንሶል ብቻ መሥራት ለአንዱ ኩባንያ የሚያዋጣ፣ ለሌላው የሚያከስር፣ ለሦስተኛው ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚበጅ ሆኖ እናገኘዋለን።

«ለሁሉም መሸጥ እያለ ለአንዱ ብቻ መሸጥ ሒሳብ አለማወቅ ነው»

ጨዋታ ከመሥራት ውጪ ሌላ ገቢ ለሌለው ድርጅት ይህ አባባል እውነት ነው። ሶኒ፣ ኔንቴንዶና ማይክሮሶፍት ግን ከጨዋታ ሠሪነታቸው በተጨማሪ የገበያው ባለቤቶች ናቸው። በኮንሶሉ ዲጂታል መደብር ከሚሸጥ ከእያንዳንዱ ጨዋታ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶው ለባለ መደብሩ ይገባል።

ሒሳቡን ቀረብ ብለን እንየው። ዋጋው 70 ዶላር የሆነ ጨዋታ በባለቤቱ በራሱ መደብር ሲሸጥ 70ው ዶላር በሙሉ እጁ ይገባል። በተፎካካሪው መደብር ሲሸጥ ግን 21 ዶላሩ እዚያው ቀርቶ 49 ብቻ ይደርሰዋል። 49 ከምንም ይሻላል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ያ ገዢ ጨዋታውን ሌላ ቦታ በማጣቱ ኮንሶሉን ቢገዛና በቀጣዮቹ ዓመታት የሌሎች ኩባንያዎችን አሥር ባለ 70 ዶላር ጨዋታዎች እዚያው ቢሸምት፣ ባለ መደብሩ ከእነዚያ ብቻ 210 ዶላር ይሰበስባል። ከመጀመሪያው ጨዋታ 70 ጋር ሲደመር 280 ይሆናል። በመስመር ላይ ለመጫወት የሚከፈለው የደንበኝነት ክፍያና በጨዋታዎቹ ውስጥ የሚሸጡት አልባሳትና ጌጣጌጦች ገና አልተቆጠሩም።

ከዚህ በኋላ ቀሪው ጥያቄ ከተፎካካሪው ጎራ ስንት ሰው ይመጣል የሚለው ነው። ጨዋታውን ከፈለጉት 100 ተፎካካሪ ደንበኞች ለሁሉም ቢሸጥ 4,900 ዶላር ይገኛል። አጥር ተበጅቶ፣ ማለትም ጨዋታው ለራስ ኮንሶል ብቻ ቀርቶ፣ ከመቶው 18ቱ ብቻ ኮንሶሉን ገዝተው ቢመጡ 5,040 ዶላር ይሆናል። አጥሩ 82 ሰው አጥቶም ያዋጣል ማለት ነው። 17 ሰው ብቻ ከመጣ ግን ያከስራል። በዚህ ንግድ ውስጥ የሚካሄደው ክርክር ሁሉ፣ ተከራካሪዎቹ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ በዚህች ቁጥር ዙሪያ ነው።

«ትርፉ ያለው ከኮንሶሉ ሽያጭ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የማይክሮሶፍት ኃላፊ በ2021 በአፕልና ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ በሠራው በኤፒክ የፍርድ ቤት ክርክር ላይ ቀርበው ኩባንያው ከኤክስቦክስ መሣሪያ ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ መስክረዋል። በ2022 ደግሞ በወቅቱ የኤክስቦክስ አለቃ የነበሩት ፊል ስፔንሰር በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ከ100 እስከ 200 ዶላር እንደሚከስሩ ተናግረዋል። ሶኒ ዲስክ የሚቀበለውን ፕሌይስቴሽን 5 በኪሳራ መሸጡን ያቆመው ኮንሶሉ ከወጣ ወደ ዓመት ሲጠጋው ነበር።

ይህ ኪሳራ ከላይ ያለውን ሒሳብ ያናጋዋል። በመሣሪያው 100 ዶላር ከጠፋ 280 የነበረው 180 ይሆንና ከመቶው 18 ሰው ይበቃ የነበረው 28 ይሆናል። 200 ዶላር ከጠፋ ደግሞ 62 ሰው ያስፈልጋል። ለአንድ ጨዋታ ብሎ ከመቶ ሰው 62ቱ አዲስ ኮንሶል የገዛበት ዘመን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

«ግሩም ጨዋታ ካለ ሰው ኮንሶሉን ተከትሎ ይገዛል»

ዱሮ እውነትነት ነበረው። በ1980 ስፔስ ኢንቬደርስ ለአታሪ መሣሪያ ሲወጣ ሰው መሣሪያውን የገዛው ለእሱ ሲል ነበር። የሃሎም ታሪክ ያው ነው። በመካከሉ የተለወጠው የጨዋታው ጥራት ሳይሆን የገዢው ሁኔታ ነው። የዛሬ ተጫዋች ባዶ እጁን አይደለም፤ ለዓመታት የገዛቸው ዲጂታል ጨዋታዎች፣ ያስመዘገባቸው ውጤቶችና አብረውት የሚጫወቱ ጓደኞቹ በሙሉ አንድ መለያ ውስጥ ተከማችተዋል። ኮንሶል ልቀይር ካለ ይህን ሁሉ ጥሎ መሄዱ ነው።

ይህን ከማንም በላይ በግልጽ የተናገሩት ራሳቸው ስፔንሰር ናቸው። በ2023 በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ማይክሮሶፍት ሊያወጣው የነበረው ስታርፊልድ የተባለ ጨዋታ የቱንም ያህል ድንቅ ቢሆን ሰው ፕሌይስቴሽን 5ቱን ሸጦ ወደ ኤክስቦክስ እንደማይመጣ ገልጸዋል። ሰው ሁሉ ዲጂታል ስብስቡን መገንባት የጀመረው በቀድሞው ኮንሶላቸው በኤክስቦክስ ዋን ዘመን ስለነበረ፣ መሸነፍ የማይገባቸውን ዘመን መሸነፋቸውንም አምነዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስታርፊልድ ከኮንሶሎች ለኤክስቦክስ ብቻ ሆኖ ወጣ፤ የገበያው አሰላለፍ ግን አልተለወጠም።

ጨዋታ ብቻውን ኮንሶልን ተሸክሞ እንደማይወጣ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ከራሱ ከኔንቴንዶ ቤት አለ። ማሪዮ ካርት 8 በ2014 ዊ ዩ ለተባለው የኔንቴንዶ ኮንሶል ወጣ። ኮንሶሉ በዕድሜው ሙሉ የተሸጠው 13.5 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ጨዋታው ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጥቂት ነገር ተጨምሮበት ለተተኪው ኮንሶል ለስዊች ሲወጣ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ጨዋታው ያው፣ አጥሩም ያው፤ የተለወጠው አጥሩ የከበበው መሣሪያ ነው።

«ኔንቴንዶ ከቻለ ሌላውም ይችላል»

ኔንቴንዶ ማሪዮንም ዜልዳንም ለሌላ ኮንሶል ሳይሰጥ ከ150 ሚሊዮን በላይ ስዊች ሸጧል። በ2025 የወጣው ስዊች 2ም በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ታዲያ ሶኒና ማይክሮሶፍት ለምን እንደ እሱ አያደርጉም ለሚለው መልሱ የጨዋታ ማምረቻ ወጪ ነው።

በ2023 ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን የተባለውን ጨዋታ አሳታሚ እንዳይገዛ በተካሄደው ክርክር ላይ አንድ ሰነድ በደንብ ሳይሸፈን ለፍርድ ቤት ቀረበና የሶኒ ምስጢር ወጣ። የላስት ኦፍ አስ ሁለተኛው ክፍል 220 ሚሊዮን ዶላር፣ ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት ደግሞ 212 ሚሊዮን ዶላር ፈጅተዋል። የመጀመሪያው በ2020 በ60 ዶላር ይሸጥ ነበር። የሱቅ ድርሻ፣ ግብርና የማስታወቂያ ወጪ ምንም ባይኖር እንኳ ወጪውን ለመመለስ ብቻ ወደ 3.7 ሚሊዮን ቅጂ በሙሉ ዋጋ መሸጥ ነበረበት። የሶኒ ትልልቅ ጨዋታዎች ደግሞ በሙሉ ዋጋ ብዙ አይቆዩም፤ ዓመት ሳይሞላ ቅናሽ ይገባባቸዋል።

ኔንቴንዶ የእውነታን ጥራት የሚፎካከር ምስል ስለማያሳድድ መሣሪያውም ጨዋታውም ቀለል ይላል፤ የጨዋታውን ዋጋም ለዓመታት ሳይነካ ያቆየዋል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ሌላ ኮንሶል ባለበት ቤት ሁለተኛ ሆኖ ይገባል። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ለማሪዮ ሲል ስዊች ሲገዛ የሚጥለው ነገር የለም። ኤክስቦክስና ፕሌይስቴሽን ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚሠሩ ሁለቱንም መግዛት ለአብዛኛው ሰው ትርፍ ወጪ ነው። የኔንቴንዶን ጥንካሬ በገጸ ባሕርያቱ ፍቅር ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች ይህን ይዘሉታል።

«ሶኒ ለኮምፒውተር መሸጥ ሲጀምር አጥሩን አፍርሷል»

አላፈረሰም፤ በር ቆርጦለታል፣ በሩም የሚከፈተው ዘግይቶ ነው። ሆራይዘን ዜሮ ዶውን በ2017 ለፕሌይስቴሽን 4 ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ የደረሰው በ2020 ነበር። የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዎርም ለኮምፒውተር የወጣው በ2022 ነው። መታገሥ የማይችለው ኮንሶሉን ይገዛል፤ የቆየው ደግሞ ዋናው ሽያጭ ካለቀ በኋላ ተጨማሪ ገቢ ይሆናል።

ሕጉ የተለየ የሚሆነው ብዙ ሰው አብሮ በሚጫወታቸው ጨዋታዎች ላይ ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ስንት ሌላ ተጫዋች እንዳለ ደንታ የለውም፤ በቡድን የሚጫወት ግን ሰው ሲያጣ ይሄዳል። ስለዚህ ሄልዳይቨርስ 2 በ2024 በፕሌይስቴሽን 5ና በኮምፒውተር በአንድ ቀን ወጣና በ12 ሳምንት 12 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ2025 ደግሞ ሶኒ ያሳተመው ይኸው ጨዋታ በኤክስቦክስ ላይ ወጣ። የተለያየ ኮንሶል ያላቸው ሰዎች ፎርትናይትን አብረው እንዳይጫወቱ ሲከለክል የቆየውና በ2018 በተጫዋቾች ጫጫታ የተረታው ሶኒ መሆኑን ለሚያስታውስ መንገዱ ረጅም ነው።

«ማይክሮሶፍት አጥሩን ያነሳው ስለተሸነፈ ብቻ ነው»

መሸነፉ አያከራክርም። ነገር ግን በ2021 ለስታርፊልድ ሠሪ ባለቤት ለዜኒማክስ 7.5 ቢሊዮን፣ በ2023 ለአክቲቪዥን ብሊዛርድ ወደ 69 ቢሊዮን ዶላር ያወጣ ኩባንያ፣ ያሸነፈም ቢሆን ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ኮንሶል ገዢዎች ብቻ ሊያስመልስ አይችልም። የአክቲቪዥንን ታዋቂ የተኩስ ጨዋታ ኮል ኦፍ ዲዩቲን ማጠር በየዓመቱ ከፕሌይስቴሽን የሚመጣውን ገቢ መጣል ይሆናል። ግዢውን የሚመረምሩት ተቆጣጣሪዎችም የፈሩት ይህንኑ ስለነበረ፣ ማይክሮሶፍት በ2023 ጨዋታው በፕሌይስቴሽን ላይ እንዲቀጥል ከሶኒ ጋር የአሥር ዓመት ውል ፈረመ። በ2024 አራት አነስ ያሉ ጨዋታዎችን ለሌሎች ኮንሶሎች ሰጠ፤ በ2025 ፎርዛ ሆራይዘን 5ና ጊርስ ኦፍ ዎር ተከተሉ።

ዋጋውን እየከፈለም ነው። ጨዋታዎቹን ሌላ ቦታ ማግኘት ከተቻለ ኤክስቦክስ ለምን ይገዛል የሚለው ጥያቄ መልስ አጥቷል። በሴፕቴምበር 2025 ባበቃው ሩብ ዓመት የኤክስቦክስ መሣሪያ ገቢ ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ29 በመቶ ወርዷል። አጥር ማንሳት ነጻ ስጦታ ነው የሚሉ ሰዎች ይህንን ቁጥር ቢያዩት መልካም ነው።

«ገንዘብ ተቀብሎ ለአንዱ ብቻ የሚሠራ ኩባንያ ምንም አይጎዳም»

ኮንሶል የሌለው ጨዋታ አሳታሚ ለአንዱ ብቻ ሲሠራ ከባለ ኮንሶሉ ክፍያ ወይም የማስታወቂያ ድጋፍ ያገኛል። ወረቀት ላይ አደጋ የሌለው ገቢ ይመስላል። ጉዳቱ የሚመጣው ጊዜው ሲያልቅ ነው። ጨዋታ የሚወራለት ሲወጣ ነው፤ ከዓመት በኋላ ሁለተኛው ኮንሶል ላይ ሲደርስ ጫጫታው በርዷል፣ የታሪኩ መጨረሻም በየቪዲዮው ተነግሯል፣ ዋጋውም ወርዷል። የማስታወቂያው ገንዘብ ግን አስቀድሞ ወጥቷል። ከዚያም የከፋው፣ ያልደረሳቸው ተጫዋቾች ተከታታዩን የመከተል ልማዳቸውን ይተዋሉ። የፋይናል ፋንታሲ ባለቤት ስኩዌር ኤኒክስ ዋና ዋና ጨዋታዎቹን ለፕሌይስቴሽን 5 በቅድሚያ ሲሰጥ ቆይቶ በ2024 በሁሉም መሣሪያዎች ወደ መሸጥ እንደሚዞር ያስታወቀው ያለ ነገር አይደለም።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። ባዮኔታ 2 ገንዘብ አጥቶ ሊቀር ሲል ወጪውን ሸፍኖ በ2014 ለዊ ዩ ያወጣው ኔንቴንዶ ነው። እዚህ ላይ አጥሩ ከማንም የነጠቀው ጨዋታ የለም፤ ያለ እሱ ጨዋታው አይኖርም ነበር። ሊወጣ የተዘጋጀን ጨዋታ ከሌላው ለማስቀረት ከሚከፈለው ገንዘብ ጋር አንድ ላይ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም።

«መሣሪያ መሥራት ያቆመ ኩባንያ አበቃለት»

ሴጋ በ2001 የመጨረሻ ኮንሶሉን ድሪምካስትን ሲያቆም እንዲሁ ተብሎ ነበር። ሶኒክ የተባለው ዝነኛ ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ በዋና ባላንጣው በኔንቴንዶ መሣሪያ ላይ መሸጥ ጀመረ። ሴጋም በ2023 የአንግሪ በርድስን ሠሪ ሮቪዮን በ706 ሚሊዮን ዩሮ ገዝቷል።