ደረጃ በደረጃ ማለማመድ ምንድን ነው? ፈሪ ውሻን ጎትቶ ማስወጣት ግን አይደለም

«ውሻዬ ውጭ መሽናት ፈራ፤ ደረጃ በደረጃ እያለማመድኩት ነው።» ይህን ለሚለኝ ሰው አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ እንዴት? መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው። «በየቀኑ አስወጣዋለሁ። እስኪሸና ድረስ አብሬው እቆማለሁ። መቼም መልመዱ አይቀርም።»

ደረጃው የታለ ታዲያ? በመጀመሪያው ቀን የገጠመውና ዛሬ የሚገጥመው ነገር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ውሻው የወጣው ደረጃ የለም። ይኼኛው ፍለዲንግ ነው የሚባለው። ፍርሃቱ ውስጥ በአንዴ ነክሮ እስኪያልፍለት መጠበቅ። የማለማመድ ተቃራኒ ነው።

ጫጫታ የማይወድ ጎረቤት አላችሁ እንበል። እናንተ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍታችሁ «ይለምደዋል» ትላላችሁ። መጀመሪያ በር ያንኳኳል። ቀጥሎ ግድግዳ ይደበድባል። ከሳምንታት በኋላ ጸጥ ይላል። ለመደ? አልለመደም። ሰሚ እንደሌለው ሲገባው ተወው እንጂ። ውጭ ወጥቶ መንቀጥቀጡን ያቆመና ደርቆ የቀረ ውሻም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ «አየህ፣ ተረጋጋ» ይላል። ውሻው ግን ተስፋ ቆርጦ ነው።

ማለማመድ የሚጀምረው ጎረቤቱ ከቁም ነገር በማይቆጥረው ድምፅ ነው። ትንሽ ከፍ፣ ቅሬታ ከመጣ ደግሞ መለስ። ለውሻው የድምፅ መቆጣጠሪያው ብዙ ነው። ከሚፈራው ነገር ያለው ርቀት አንዱ ነው። የነገሩ ጩኸት ሌላው ነው። ውጭ የምትቆዩት ጊዜም፣ የምትወጡበት ሰዓትም እንዲሁ። አንዱን ከፍ ስታደርጉ ሌላውን ዝቅ አድርጉ። ወደ መንገዱ ጠጋ ያላችሁ ቀን ቆይታችሁ አጭር ይሁን። በርግጥ ርችትና ነጎድጓድ መቆጣጠሪያቸው እናንተ እጅ የለም፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። በእነዚያ ቀናት ልምምድ የለም። በቃ፣ ቤት ትቀመጣላችሁ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን በጥቂት በጥቂቱ ስታቀርብለት ፍርሃቱ ለቀቀው። ልብ በሉ፣ ጥንቸሉን ጭኑ ላይ አልወረወረችበትም።

አንድ መካሪ ነኝ ባይ ደግሞ «ፊኛው ሲሞላና ሲጨንቀው ይሸናል» ብሎ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ሰውነት እንዲያ አይሠራም። ውሻ ሲፈራ ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ይነሳል። የፊኛውን ግድግዳ ያላላል፣ መውጫውን ያጠብቃል። ለመሽናት የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ውሻው እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ቤት ሲገባ ምንጣፍ ላይ የሚለቀውም ሊበቀላችሁ ብሎ ሳይሆን ሰውነቱ ገና አሁን ስለተፍታታ ነው። (እጅግ ሲደነግጥ ሽንት የሚያመልጠው ውሻም አለ። ያ ግን ማምለጥ ነው፤ «ውጭ ሸና» ብላችሁ እንዳትደሰቱበት።)

አሁን ደጃፉ ላይ እንቁም። በሩ ተከፍቷል። ውሻው ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሏል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖርበት ያዛጋል፣ አንድ የፊት እግሩን አንጠልጥሏል። ቁራጭ ሥጋ አቅርቡለት። ቤት ውስጥ ለሥጋ ነፍሱን የሚሰጠው ውሻ አሽትቶ ፊቱን ካዞረ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። ከነጣታችሁ የሚነጥቅ ከሆነም በዝቷል። ወደ ውስጥ ተመለሱ። ረጋ ብሎ የሚበላበትን ቦታ ፈልጉ፤ የዛሬው መነሻ እሱ ነው። ኮሪደሩ መሀል ሊሆን ይችላል። ምንም ችግር የለውም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይኼን ነው፦ ልምምዱና መጸዳዳቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ልምምዱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ሽንት ግን ሳምንታት አይጠብቅም። ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሸናል። ስለዚህ ለጊዜው የማይፈራበት ሽንት ቤት ስጡት። ዝርግ ሣጥን ውስጥ አፈርና ሣር አድርጉ፣ በተለይ ድሮ ከሚሸናበት ቦታ የመጣ ከሆነ ጥሩ ነው። ውሾች ከቡችላነታቸው ጀምሮ እግራቸው ሥር የለመዱትን ይመርጣሉ። ሣጥኑ ቀስ እያለ ወደ በሩ ይጠጋል፣ ከዚያ ደጃፍ፣ ከዚያ ውጭ። ውጭ ሲሸናም መሀል ላይ «ጎበዝ!» ብላችሁ አታስደንግጡት። ይጨርስ፣ ከዚያ ሥጋውን ስጡት።

«ካባበልከው ፍርሃቱን ትሸልመዋለህ» የሚለው ምክርም ይቅር። ፍርሃት ስሜት ነው። ውሻው በእናንተ እንክብካቤ ምክንያት የበለጠ ልፍራ ብሎ አይወስንም። ሊጠጋችሁ ከፈለገ ይጠጋ። መሄድ እየፈለገ አቅፎ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ማባበል ሳይሆን ማሰር ነው። ስለ ማሰር ከተነሳ፣ ፈሪ ውሻ የአንገት ማሰሪያ ሾልኮ ስለሚያመልጥ የደረት ማሰሪያ ይሻላል።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር፤ የሙያ አመል ነው። አንደኛ፣ አሴፕሮማዚን የሚባለውን የሚያፈዝ መድኃኒት ለፍርሃት ብላችሁ አትስጡት። ውሻው እግሩ ይልፈሰፈስና የተረጋጋ ይመስላል። ድምፁን ግን ይሰማል፣ አንዳንዱ ይብስበታል። ጎረቤቱን ወንበር ላይ አስሮ ሙዚቃ መክፈት ነው። በትክክል ጭንቀት የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪም ያዛቸዋል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለው ደግሞ እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈልግ «በሦስት ቀን ለውጥ አላየሁም» ብላችሁ አታቁሙት።

ሁለተኛ፣ በድንገት ውጭ መሽናት ያቆመ ውሻ ሁሉ ፈሪ አይደለም። መገጣጠሚያውን የሚያመው ውሻ ደረጃ መውረዱን ይጠላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለበት ቦታውን ከሕመሙ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ምርመራው ከልምምዱ ይቅደም። አንድ ቀን ሙሉ ጠብ ካላደረገ ሐኪም ዘንድ ደውሉ። እግሩን አንስቶ ደጋግሞ እያማጠ ጠብታ ብቻ የሚወጣው፣ ወይም ጭራሽ የማይወጣው ወንድ ውሻ ከሆነ ግን ልምምዱን ተዉት። ቧንቧው በጠጠር ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ማታም ቢሆን ነገን ሳትጠብቁ ውሰዱት።