ጨው ጀርም ይገድላል? ስለ ጨውና ስለ ባክቴሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ልጅ ሆነን ጉልበታችን ሲላጥ ቁስሉ በጨው ውሃ ይታጠብ ነበር። «ጀርሙን ይገድለዋል» ይሉናል። ሥጋ ከተረፈ ደግሞ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ገመድ ላይ ይሰቀላል። ቋንጣ ይሆናል እንጂ አይበላሽም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያየ ሰው ጨው የጀርም ጠላት ነው ቢል አይፈረድበትም። ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። የቀረው ግማሽ በጣም ያስደንቃል።

«ጨው መርዝ ነው፤ የነካውን ጀርም ይገድላል»

ጨው የሚያደርገው ውሃ መንጠቅ ነው። ባክቴሪያ ከቅባት በተሠራ ስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ይህ ሽፋን ውሃን ያሳልፋል፤ ጨውን ግን እንደ ልቡ አያስገባም። ውጭ ያለው ጨው ሲበዛ የውስጡ ውሃ ወደ ውጭ ይሸሻል። ባክቴሪያው ይጨማደዳል፣ ሥራ ያቆማል። ብዙዎቹ ግን አልሞቱም። መራባት አቁመው ይጠብቃሉ። ጨውና ድርቀት አብረው ስለያዟቸው ነው ቋንጣው ሳይበላሽ የሚቆየው።

የቁስሉም ነገር እንዲሁ ነው። ሐኪም ቤት የሚጠቀሙበት ኖርማል ሳላይን 0.9 በመቶ ጨው ብቻ ነው ያለው። መጠኑ የተመረጠው ከሰውነታችን ፈሳሽ ጋር እንዲመጣጠን ነው። ቁስሉን የሚያጸዳው ቆሻሻውንና ጀርሙን ጠርጎ በማውጣት ነው፤ በመግደል አይደለም። ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ግን የራሳችንን ሴሎች ውሃ ይነጥቃል። እባካችሁ፣ በተለይ ልጆች ላይ ይህን አታድርጉ።

«ጨው የበዛበት ምግብ አያሳምምም»

ያሳምማል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በብዙ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሌሎች ለይተው ሊያወጡት ሲፈልጉ 7.5 በመቶ ጨው ያለው ማሳደጊያ ላይ ይዘሩታል። ይህ የባሕር ውሃ እጥፍ ያህል ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ ሲቀሩ እሱ ያድጋል። ምግብ ላይ ከተራባ የሚተወው መርዝ ደግሞ ቢቀቀልም በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ ሥጋ የሚዘለዝል እጅ መታጠቡን ጨው አይተካውም።

«ሽፋኑ ዝም ብሎ ከረጢት ነው»

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሽፋኑ ዕቃ መያዣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨው በመጣ ቁጥር ባክቴሪያው ባለቀለት ነበር። ግን ሽፋኑ ራሱን ይለውጣል። የተሠራባቸው የቅባት ሞለኪውሎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው አሉ፣ የሌላቸውም አሉ። ጨው ሲበዛ ብዙ ባክቴሪያዎች ቻርጅ ያላቸውን ያበዛሉ። ያ ስታፊሎኮከስ ለምሳሌ ካርዲዮሊፒን የተባለውን ቅባት ይጨምራል።

ሽፋኑ ላይ በሮችም አሉ። ወተት የሚያረጋውን ላክቶኮከስ ላክቲስን እንውሰድ። እርጎ ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ነው። ሽፋኑ ላይ ኦፑኤ የተባለ፣ እንደ በር የሚያገለግል ፕሮቲን አለው። ውሃ ሲወጣ በባክቴሪያው ውስጥ የቀረው ጨው ይጠነክራል። በሩ ቻርጅ ካላቸው ቅባቶች ጋር ተጣብቆ እንደተዘጋ ነው የሚቆየው፤ የውስጡ ጨው ሲጠነክር ማጣበቂያው ይላላና ይከፈታል። ከዚያ ግላይሲን ቤታይን የሚባል ነገር ከውጭ ይጎተታል። ቤታይን ውሃ ይይዛል፣ የባክቴሪያውን ሥራ ግን አያውክም። አስቡት፤ ዓይን የለ፣ ነርቭ የለ፣ ሽፋኑ ራሱ ነው ጨው መምጣቱን የሚያውቀው።

ተቃራኒውም አለ። ዝናብ ዘንቦ ጨዋማው ቦታ በድንገት ሲቀጥን ውሃ ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ሽፋኑ ይወጠራል። ያኔ ሌሎች በሮች በውጥረቱ ብቻ ተከፍተው የተጠራቀመውን ያፈሳሉ። ባይከፈቱ ይፈነዳል።

«ጨው የሚወዱት ሁሉ ባክቴሪያ ናቸው»

ስሙ ያሳስታል። ሃሎባክቴሪየም የሚባለው ጨው ወዳድ ረቂቅ ፍጥረት ባክቴሪያ አይደለም፣ አርኪያ ነው። አርኪያ ራሱን የቻለ ሌላ ዘር መሆኑን ሳይንቲስቶቹ ካርል ዎይስና ጆርጅ ፎክስ ያሳዩት በ1977 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአርኪያ ሽፋን ቅባት የተያያዘበት መንገድ ከእኛም ከባክቴሪያም የተለየ ነው፤ በቀላሉ አይበጠስም። ሃሎባክቴሪየም ጨውን መቻል ብቻ ሳይሆን ያለ ጨው መኖር አይችልም። ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይበታተናል። በጨው ታሽቶ የተከመረ ጥሬ ቆዳ አንዳንዴ ቀይ ሆኖ የሚገኘው በእንዲህ ዓይነቶቹ ነው።

«ሙት ባሕር ሙት ነው»

አይደለም። 34 በመቶ ያህል ጨው ነው፤ ዓሣ አይኖርበትም። ግን ተመራማሪው ቤንጃሚን ቮልካኒ በ1936 ሕያዋን ረቂቅ ፍጥረታት እንዳሉበት አሳተመ። በ1980 እና በ1992 ከባድ ዝናብ የላይኛውን ውሃ ሲያቀጥነው አርኪያዎቹ ተራብተው ውሃውን አቅልተውታል።

«እንዲህ ከሆነማ ዳሎል ውስጥም ይኖራሉ»

እዚህ ላይ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳንሄድ። የአፋሩ ዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ፎቶ በወጣ ቁጥር «እዚያም ሕይወት ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ይከተላል። ነገሩ አከራካሪ ነው። በ2019 አንድ ቡድን ከዳሎል በጣም ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሺያ የተመራው ቡድን ከ2016 እስከ 2018 የሰበሰበውን ናሙና መርምሮ በኩሬዎቹ ውስጥ ሕይወት አላገኘም። ሲሊካ የተባለው ማዕድን ሴል የሚመስሉ ጥቃቅን ድብልብል ነገሮች እንደሚሠራም አሳይቷል። በማይክሮስኮፕ ብቻ ያየ ሰው ሊታለል ይችላል።

እኔ የሁለተኛው ማስረጃ ያሳምነኛል። ኩሬዎቹ ጨው ብቻ አይደሉም፤ ፒኤቻቸው (የአሲድነት መለኪያው) ዜሮ አካባቢ የሆነ ኃይለኛ አሲድ ናቸው። በአካባቢው ባሉ ሌሎች ሐይቆች ደግሞ የማግኒዥየም ጨው ተጠራቅሟል፤ እሱ ሲበዛ የሴልን ፕሮቲንና ሽፋን ያፈርሳል። ጨውን የሚችል ሽፋን ሁሉንም በአንዴ ይችላል ማለት አይደለም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ አሳሌ ሐይቅና ጨው ሜዳው ላይ ግን ያው ቡድን ብዙ ዓይነት አርኪያ አግኝቷል። ጨው ሲደርቅና ድንጋይ ሲሆን በውስጡ ጥቃቅን የጨው ውሃ ጠብታዎች ይቀራሉ። ጨው ወዳድ አርኪያዎች እዚያች ጠብታ ውስጥ ተዘግተው ለረጅም ጊዜ በሕይወት መቆየት ይችላሉ። ሰውን እንደሚያሳምሙ አይታወቅም።