የሰሜን አየርላንድ «የፈቃድ መርህ» ምንድን ነው?

የፈቃድ መርህ፣ ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ አካል ሆና የምትቆየውም ሆነ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር የምትዋሃደው የራሷ ሕዝብ በአብላጫ ድምፅ ሲወስን ብቻ ነው የሚል፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1998 በተደረሰው የቤልፋስት ስምምነት የጸና ድንጋጌ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕለቱ በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት አቆጣጠር ስቅለት ስለነበር ብዙዎች «የስቅለት ስምምነት» ይሉታል። ድንጋጌው ቀረብ ተብሎ ሊታይ የሚገባው፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል የተገዳደሉ ወገኖች ጎራቸውን ሳይለቁና የሚመኙትን ሳይክዱ መሣሪያ ያስቀመጡበት መንገድ በመሆኑ ነው።

አየርላንድ በ1921 ለሁለት ስትከፈል በሰሜን ምሥራቅ ያሉ ስድስት አውራጃዎች በብሪታንያ ሥር ቀሩ፤ ወሰኑም የተሰመረው ፕሮቴስታንቶች አብላጫውን ቁጥር እንዲይዙ ተደርጎ ነበር። ፕሮቴስታንቶቹ በአመዛኙ ከብሪታንያ ጋር ያለው አንድነት እንዲጸና የሚፈልጉ ዩኒየኒስቶች፣ ካቶሊኮቹ ደግሞ በአመዛኙ የአየርላንድን ውህደት የሚሹ ናሽናሊስቶች ናቸው። በቤት ድልድል፣ በሥራ ቅጥርና በአካባቢ ምርጫ የሚደርስባቸው አድልዎ ካቶሊኮቹን በ1960ዎቹ መጨረሻ አደባባይ አወጣቸው። ሰልፉ ግጭትን፣ ግጭቱም የታጠቁ ቡድኖችን አስከተለ፤ ከ3,500 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ሲቪሎች ነበሩ።

ሕዝቡ ይወስን የሚለው ሐሳብ በ1998 የተፈጠረ አልነበረም። ብሪታንያ በማርች 1973 በዚሁ ጥያቄ ላይ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ፣ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ 99 በመቶ የሚጠጋው ከብሪታንያ ጋር መቆየትን መረጠ፤ ናሽናሊስቶች ግን ድምፅ ከመስጠት ተቆጥበው ነበር፣ ግድያውም አልቆመም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወሰኑ አስቀድሞ አናሳ እንዲሆን አድርጎ ለከለለው ሰው፣ በዚያው ወሰን ውስጥ የሚቆጠር አብላጫ ድምፅ ፍርዱ ያለቀ ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥልጣን መጋራትን ያካተተ የሰኒንግዴል ስምምነት ቢደረስም፣ በሜይ 1974 የዩኒየኒስት ሠራተኞች የጠሩት አድማ መብራት እስከ ማቋረጥ ደርሶ ሥልጣን የተጋራውን የሰሜን አየርላንድ መንግሥት አፈረሰው።

የ1998ቱ ስምምነት በእኔ እምነት የተሻለው፣ ፈቃድን ብቻውን ባለማቆሙ ነው። የሉዓላዊነቱ ባለቤት የትኛውም መንግሥት ይሁን፣ ሥልጣኑን ለሁሉም ነዋሪ ፍጹም ባለማዳላት እንዲጠቀም ያስገድዳል። ማንኛውም የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ ራሱን ብሪታኒያዊ፣ አየርላንዳዊ ወይም ሁለቱንም ብሎ የመጥራት መብት አለው፤ ይህ መብት ወደፊት ሉዓላዊነቱ ቢለወጥም አይለወጥም። ስቶርሞንት በሚባለው የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት ዋና ዋና ውሳኔዎች የሁለቱንም ማኅበረሰቦች ድጋፍ ማግኘት አለባቸው። አየርላንድ ሪፐብሊክ በሰሜኑ ላይ የነበራትን የግዛት ይገባኛል ጥያቄ ከሕገ መንግሥቷ አነሳች፤ ብሪታንያም አብላጫው ውህደትን ከመረጠ ይህንኑ ለመፈጸም በሕግ ተገደደች። የውህደት ሕዝበ ውሳኔ የሚጠራው፣ አብላጫው ውህደትን ሊደግፍ የሚችል መስሎ ሲታይ ነው፤ ድምፁ ካልተሳካ ሌላ ለመጥራት ቢያንስ ሰባት ዓመት መጠበቅ ግድ ይላል።

ይህ ሁሉ ከመጻፉ በፊት ግን በየጎራው ውስጥ ሆነው የደከሙ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ በቤልፋስት የክሎናርድ ገዳም ካህን የነበሩት አባ አሌክ ሪድ ናቸው። ማርች 19 ቀን 1988 ሁለት የብሪታንያ ወታደሮች መኪናቸውን እየነዱ፣ ለአየርላንድ ውህደት በመሣሪያ ይዋጋ የነበረው የአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር (አይ.አር.ኤ.) አባል የቀብር ሥነ ሥርዓት ውስጥ ገቡ፤ ከመኪናው ተጎትተው ተደበደቡ፣ በጥይትም ተገደሉ። አባ ሪድ ሊያድኗቸው ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ከአስከሬኑ ጎን ተንበርክከው ሲጸልዩ የተነሳው ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታየ። በዚያች ሰዓት የአይ.አር.ኤ. የፖለቲካ ክንፍ ከነበረው ከሺን ፌን ፓርቲ ለጆን ሂዩም የተላከ የሰላም ሐሳብ በፖስታ ይዘው ነበር፤ ፖስታው በደም በመበከሉ ቀይረውት በዚያው ቀን አደረሱ። ሂዩም ናሽናሊስት የነበሩ፣ የትጥቅ ትግልን ግን አጥብቀው የተቃወሙ ፖለቲከኛ ናቸው። የተከፋፈለው መሬቱ ሳይሆን ሕዝቡ ነው፣ ሕዝብ ደግሞ በጠመንጃ አይዋሃድም እያሉ የሺን ፌኑን መሪ ጄሪ አዳምስን ሲያነጋግሩ፣ ነገሩ በ1993 ይፋ በወጣ ጊዜ የሰላ ትችት ወረደባቸው። በሌላው ወገን የዩኒየኒስቱ መሪ ዴቪድ ትሪምብል የገዛ ፓርቲያቸው ለሁለት ሲሰነጠቅባቸው ስምምነቱን ተቀበሉ። ለጠላት እጅ ሰጡ የሚባለውን ክስ ሁለቱም ከገዛ ወገናቸው ሰምተውታል፤ ወገናቸውን ማሳመን የቻሉትም ከውስጡ ስላልወጡ ነው ብዬ አምናለሁ። ሜይ 22 ቀን 1998 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በሰሜን 71 በመቶ፣ በደቡብ 94 በመቶ መራጭ ደገፈው።

ስምምነቱ ያስከፈለው ዋጋም አለ። የምክር ቤት አባላት ራሳቸውን «ዩኒየኒስት»፣ «ናሽናሊስት» ወይም «ሌላ» ብለው መመዝገብ አለባቸው፤ ከሁለቱም ጎራ ውጭ የሆነ ተመራጭ ድምፅ በወሳኝ ጉዳዮች ላይ ክብደቱ ያንሳል። ከሁለቱ አንዱ ትልቅ ፓርቲ ጥሎ ሲወጣም መንግሥቱ ይቆማል፤ ከ2017 እስከ 2020፣ እንደገናም ከ2022 እስከ 2024 መጀመሪያ ይኸው ሆኗል። ይህን እንደ ቀላል ጉድለት አላየውም፤ ጎራን ያከበረ ሥርዓት ጎራ የሌለውን ዜጋ በድሏልና። ትጥቅ መፍታቱም ሰባት ዓመት ፈጅቶ በሴፕቴምበር 2005 ነው የተጠናቀቀው። አይ.አር.ኤ. መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ ሲያደርግ ትጥቅ መፍታቱን ይከታተል ከነበረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ጋር ሁለት የሃይማኖት አባቶች ቆመው አይተዋል፤ አንዱ የሜቶዲስት ቄስ ሲሆኑ ሌላው እነዚያው አባ ሪድ ነበሩ።

ጥያቄው ራሱ ዛሬም አልተዘጋም። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ቀዳሚ ሚኒስትር የሆኑት የሺን ፌኗ ሚሼል ኦኒል የአየርላንድን ውህደት ይሻሉ፤ ምክትላቸው ኤማ ሊትል ፔንገሊ ደግሞ ከብሪታንያ ጋር ያለው አንድነት እንዲጸና። በሕጉ የሁለቱ ሥልጣን እኩል ነው፤ አንዷ ከለቀቀች ሌላዋም በሥልጣኗ መቀጠል አትችልም።