ኢንተርሴፕተር ሲባል ሚሳኤል ብቻ ለሚታያችሁ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ዜና ላይ «ኢንተርሴፕተር ተተኮሰ» ተባለ፤ የሚመጣን ሚሳኤል አየር ላይ የሚመታ ሚሳኤል ማለታቸው ነው። ወዲያው ክርክር ተነሳ። የሰማኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ኢንተር ማለት ዓለም አቀፍ ነው።»
አይደለም። ግምቱ የመጣው ከኢንተርናሽናል ነው። ኢንተር በላቲን «በመካከል» ማለት ነው። ቀሪው ክፍል «ካፔሬ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ መያዝ፣ መንጠቅ። ሲገጥሙ መንገድ ላይ ጠብቆ፣ ሳይደርስ መያዝ ይሆናሉ። ከፊታችን አንድ አሳ አጥማጅ ታንኳው ላይ ሆኖ መረብ ይስብ ነበር። ቆሮሶው ጭንቅላቱ መረቡ ቀዳዳ ውስጥ ተሰንቅሮ ይንፈራገጣል። መረቡ አሳውን አላባረረውም፤ መንገዱ ላይ ጠበቀው። ቃሉም ይኸው ነው።

«ከጄት ጋር የመጣ ቃል ነው።»
ጥንት በላቲን ኢንተርሴፕቶር የሌላውን ድርሻ የሚነጥቅ ሰው ነበር።

«ተዋጊ ጄት ሁሉ ኢንተርሴፕተር ነው።»
የለም። ኢንተርሴፕተር የሚባለው ጄት የጠላት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከተማ ሳይደርስ ተፈትልኮ እንዲቀድመው የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 መጀመሪያ የበረረው የሶቪየቱ ሚግ-25 ምሳሌ ይሆናል።

«በአማርኛ ጠላፊ ነው፣ አለቀ።»
ጠላፊ አውሮፕላን ስትሉኝ ተሳፋሪ ያገተ ሰው ነው የሚታየኝ። ጠለፈ ሰፊ ቃል ነው። ልጅቷን ጠለፋት፣ እግሩን ጠልፎ ጣለው፣ ስልክ ጠለፈ እንላለን፤ ቀሚስም ይጠለፋል። ገበሬው ደግሞ ወንዝ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ለእኔ የሚቀርበው ይሄ የገበሬው ነው። ለሚሳኤሉ ግን «አክሻፊ» ይሻላል፤ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

«የጦር ቃል ነው።»
ከሁሉም የቆጨኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምዝ ወንዝ ክርፋት ለንደንን አስጨነቃት። ኢንጂነር ጆሴፍ ባዛልጌት ከወንዙ ጎን ለጎን ትልልቅ ቱቦ አስዘረጋ። ከየሰፈሩ የሚወርደው ፍሳሽ ወንዙ ጋ ሳይደርስ እዚያ ይያዛል። እንዲህ ያለው ቱቦም ኢንተርሴፕተር ይባላል። አሳ መጥበሻ ቤት ከዕቃ ማጠቢያው ቀጥሎ የሚቀመጠው የዘይት መያዣ ሳጥንም እንደዚሁ፤ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከሥር ያልፋል።

ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ አንዱ ቦይ አፍ ላይ ቆምኩ። ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ ተከታትሎ ጣና ይገባል። በመካከል አንድ ወንፊት እንኳ የለም።