ስለ አሲድና ቤዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጠንካራ አሲድ ማለት ያልቀጠነ አሲድ ነው።» ተማሪዎች ስለ አሲድ ከሚይዟቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ይመስለኛል። በኬሚስትሪ የአሲድ ጥንካሬ የሚታወቀው ውሃ ውስጥ ሲገባ ከሞለኪውሎቹ ምን ያህሉ ሃይድሮጅን አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሃይድሮጅን) እንደሚለግሱ በማየት ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደ አዮን ስለሚለወጥ ጠንካራ ይባላል፤ በኮምጣጤ ውስጥ የሚገኘው አሴቲክ አሲድ ግን በሊትር 0.1 ሞል (ሞል የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ ነው) ሲሟሟ ከ100 ሞለኪውሎቹ አንድ ያህሉ ብቻ ስለሚለወጥ ደካማ ነው። ቅጥነትና ውፍረት ሌላ ጉዳይ ነው። በአንድ ጀበና ላይ ውሃ እየተጨመረ አቦል፣ ቶናና በረካ ይቀዳሉ፤ በረካው ቢቀጥንም ቡናው ያው ቡና ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድም በሊትር 0.001 ሞል እስኪሆን ቢቀጥን ጠንካራ አሲድ መባሉ አይቀርም፤ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበልጣል) ግን 3 ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው የአሴቲክ አሲድ ፒኤች 2.9 ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ ንጽጽር «ደካማው» ከ«ጠንካራው» በጥቂቱ የበለጠ አሲዳማ ሆኖ ይገኛል።

«ደካማ አሲድ አይጎዳም።» ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከደካሞቹ ይመደባል፤ ሆኖም መስታወትን ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጣል፣ ቆዳን ዘልቆ ገብቶም በሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዝ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

«የሚያቃጥለው አሲድ ነው፤ ቤዝ ለስላሳ ነው።» ቤዝ ሃይድሮጅን አዮን የሚቀበል፣ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ኮስቲክ ሶዳ የተባለው ጠንካራ ቤዝ ጣትን የሚያሙለጨልጨው የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙና ስለሚለውጥ ነው፤ ልስላሴ የመሰለን ነገር ራሱ የጉዳቱ መጀመሪያ ነው። በዓይን ላይማ የቤዝ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከአሲድ ይብሳል። (የሚያረፋ ሁሉ ቤዝ እንዳልሆነም ልብ ይሏል፤ እንዶድ የሚያረፋው ሳፖኒን በተባለ ውህድ ምክንያት ነው።)

«ፒኤች 3 ከፒኤች 6 በእጥፍ አሲዳማ ነው።» ዴንማርካዊው ሶረንሰን በ1909 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ መለኪያ በሎጋሪዝም የሚሰላ በመሆኑ፣ የአንድ ቁጥር ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ 1000 እጥፍ ነው። ከዚሁ ስሌት የሚነሳ ሌላ ስሕተትም አለ። ተማሪው በሊትር 0.00000001 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሰጠው ፒኤቹን 8 ብሎ ይጽፍና አሲዱን ቤዝ ያደርገዋል። የረሳው ውሃው ራሱ የሚያወጣቸውን ሃይድሮጅን አዮኖች ነው፤ እነርሱ ሲታሰቡ መልሱ 6.98 ገደማ ይሆናል። አሲድ የቱንም ያህል ቢቀጥን ወደ ውሃ ይጠጋል እንጂ ቤዝ አይሆንም። 7 ራሱ የገለልተኛ (አሲድም ቤዝም ያልሆነ) ውሃ ቁጥር የሚሆነው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በ100 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ ገለልተኛ እንደሆነ ፒኤቹ ወደ 6.1 ይወርዳል።

«አሲድና ቤዝ ሲመጣጠኑ ፒኤቹ ሁልጊዜ 7 ነው።» ይህ የሚሠራው ሁለቱም ጠንካሮች ሲሆኑ ነው። አሴቲክ አሲድ ከተመጣጣኝ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ) ጋር ሲዋሃድ የሚገኘው ሶዲየም አሴቴት ግን ከውሃ ሃይድሮጅን አዮን ስለሚወስድና ቤዝ የሚያደርገው ሃይድሮክሳይድ አዮን በውሃው ውስጥ እንዲቀር ስለሚያደርግ ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው።

«አሲድ ቆዳ ላይ ቢፈስ ቤዝ ያፈሱበታል።» በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለቱ መገናኘት ሙቀት ስለሚያወጣ ቁስሉን ያባብሰዋል። ወዲያውኑ የአሲድ ንክኪ ያለበትን ልብስ አውልቆ፣ ቆዳውን በብዙ የሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።