ኖቬምበር ሳይደርስ የሚያልቅ ምርጫ፦ ስለ ቅድመ ምርጫና ስለ እጩዎች ድጋፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ዓመት በመጣ ቁጥር በመካከላችን ተመሳሳይ ክርክር ይነሳል። እገሌን እገሌ ደገፈው፤ ፓርቲው እገሊትን መረጣት፤ ጋዜጣው ድጋፉን ለእገሌ ሰጠ። ወገኖቻችን ለፖለቲካው ትኩረት መስጠታቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በተሳሳተ መረጃ ላይ ነው። የክፍለ ግዛት ቅድመ ምርጫ (ፕራይመሪ) እያንዳንዱ ፓርቲ ኖቬምበር ላይ ለሚደረገው ጠቅላላ ምርጫ የሚያቀርበው እጩ በመራጮች ድምፅ የሚለይበት ምርጫ ነው። ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ ሜሪላንድ ላይ እውነት የሆነው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ስህተት ይሆናል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ክፍለ ግዛቶች የሆነውን እየጠቀስኩ፣ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ አነሳለሁ።

«ወሳኙ ኖቬምበር ነው፤ ቅድመ ምርጫው የፓርቲ ሰዎች ጉዳይ ነው»

ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳን ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበትን የሞንትጎመሪ ካውንቲን እንውሰድ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል። ካውንቲውን ያስተዳደረው የመጨረሻው ሪፐብሊካን ጄምስ ግሊሰን ሲሆን ሥልጣኑን የለቀቀው በ1978 ነው። ከ2006 ምርጫ ወዲህ ደግሞ በካውንቲው ምክር ቤት ወንበር ያገኘ አንድም ሪፐብሊካን የለም። እንዲህ ባለ ቦታ የዴሞክራቶችን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ሰው ኖቬምበር ላይ የሚጠብቀው ውድድር ለስም ያህል ነው።

በ2018 ለካውንቲው ዋና አስተዳዳሪነት በተደረገው የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነበር። ድምፅ የሰጠው ሰው ወደ 130 ሺህ ይጠጋል። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። በፖስታ የመጣው ድምፅ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ሳምንታት ፈጀ፤ ልዩነቱ 35 ሆኖ ተገኘ። ብሌር ድጋሚ ቆጠራ ጠየቁ፤ ልዩነቱ ወደ 32 ዝቅ አለና በዚያው ጸና። ከ140 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ሠላሳ ሁለት ሰው! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስቦ ቡና የሚጠጣው ምእመን ከዚያ ይበዛል።

ይህ ሥልጣን ደግሞ ከኑሯችን የራቀ አይደለም። በ2023 ካውንቲው የቤት ኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ የሚገድብ ሕግ አውጥቷል። ሕጉን ያጸደቁት የምክር ቤት አባላትና የፈረሙበት አስተዳዳሪ በሙሉ በ2022 ቅድመ ምርጫ ያለፉ ዴሞክራቶች ናቸው። በኪራይ ቤት የሚኖር ታክሲ ነጂ ወይም ነርስ በ2022 ጁላይ በቅድመ ምርጫው ዕለት ቤቱ ከዋለ፣ በኪራዩ ጉዳይ ከሚወስኑት ሰዎች ምርጫ ቀርቷል ማለት ነው። መራጮች በ2024 ባጸደቁት የሥልጣን ዘመን ገደብ ምክንያት ኤልሪች በ2026 ለዚሁ ወንበር መወዳደር አይችሉም፤ ስለዚህ ክርክሩ እንደ አዲስ የሚጀመር ነው።

«የተመዘገበ ዜጋ ሁሉ በፈለገው ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል»

አሌክሳንድሪያ የምትኖር እህት ይህን ብትል ልክ ናት። በቨርጂኒያ መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ፣ በዕለቱ የአንዱን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ጠይቆ መምረጥ ይቻላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወንድሟ ግን በዚህ ቢተማመን ይጎዳል። የሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ዝግ ነው፤ በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው በዴሞክራትነት የተመዘገበ ብቻ ነው፤ ለሪፐብሊካኖችም እንዲሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዜግነት ቃለ መሐላውን በፈጸመ ሰሞን የመራጭነት ቅጽ ሲሞላ ነው። ስለ ፓርቲ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ሲደርስ «ከየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ከየት እንደመጣን ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአገራችን የፓርቲ አባል መሆን መዋጮ፣ ስብሰባና ግምገማ አለው፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ደግሞ የሚያስጠይቅ ታሪክ ይሆናል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከፓርቲ ስም መራቅን እንደ ጥንቃቄ እንቆጥራለን። በሜሪላንድ ግን በፓርቲ መመዝገብ መዋጮ የለውም፣ ስብሰባ አያስቀምጥም፣ ኖቬምበር ላይ ለሌላው ፓርቲ እጩ ድምፅ ከመስጠትም አያግድም። የሚያስገኘው ነገር አንድ ነው፦ በቅድመ ምርጫው ድምፅ። በፓርቲ ያልተመዘገበ መራጭ የሚደርሰው እንደ ትምህርት ቦርድ ያሉ ከፓርቲ ውጭ የሆኑ ወንበሮች የተዘረዘሩበት ወረቀት ብቻ ነው።

ቀኑም ያልፋል። የፓርቲ ምዝገባን መቀየር የሚቻለው ከምርጫው 21 ቀን በፊት ድረስ ነው። ጨርሶ ያልተመዘገበ ሰው በምርጫው ዕለት እንኳ ሊመዘገብ ይችላል፤ አስቀድሞ የተመዘገበ ግን በዕለቱ ፓርቲ ልቀይር ቢል አይፈቀድለትም።

በሌሎቹ ክፍለ ግዛቶችም ልዩነት አለ። በጆርጂያ የፓርቲ ምዝገባ የለም፤ ይሁንና በቅድመ ምርጫው የአንዱን ፓርቲ ወረቀት የወሰደ ሰው፣ ከግማሽ በላይ ያገኘ ሲጠፋ ሁለቱ መሪዎች በሚገናኙበት በመለያ ምርጫው ወደ ሌላው መዞር አይችልም። በኮሎራዶ በፓርቲ ላልተመዘገበ መራጭ የሁለቱም ፓርቲዎች ወረቀት በፖስታ ይላክለታል፤ ሁለቱንም ሞልቶ ከመለሰ ግን አንዱም አይቆጠርለትም።

«ፓርቲው ድጋፍ ሰጠው ማለት የፓርቲው እጩ ሆነ ማለት ነው»

በዚህ ጉዳይ ሚኒሶታን የሚያህል አስተማሪ የለም። በዚያ የዴሞክራቶቹ ፓርቲ ዴሞክራቲክ-ፋርመር-ሌበር ይባላል። በክፍለ ግዛት ጉባኤው ድጋፍ ለማግኘት የልዑካኑን 60 በመቶ ድምፅ ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ልዑካኑ ከሰፈር ስብሰባ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተመርጠው የሚመጡ፣ የዕረፍት ቀናቸውን ለፓርቲው የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። የእነርሱ ልብ ከተራው መራጭ ልብ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በ2018 ሮቸስተር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ለገዥነት ኤሪን መርፊን ደገፈ። ቲም ዋልዝ ውድድሩን ሳይተዉ ወደ ኦገስት ቅድመ ምርጫ ሄዱ፤ አሸነፉም፤ ገዥም ሆኑ። በ2010ም ጉባኤው ማርጋሬት አንደርሰን ኬሊየርን ደግፎ ሳለ በቅድመ ምርጫው ያሸነፉት ማርክ ዴይተን ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያው በ2018 በሪፐብሊካኖቹ በኩል የሆነው ተቃራኒው ነው፦ ፓርቲው የደገፋቸው ጄፍ ጆንሰን ስመ ጥሩን የቀድሞ ገዥ ቲም ፖለንቲን አሸነፉ።

ኮሎራዶ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የሪፐብሊካን ፓርቲው በቅድመ ምርጫ ለማንም ላለመወገን የነበረውን ልማድ በ2024 ጥሶ እጩዎችን መደገፍ ጀመረ። ከደገፋቸው አብዛኞቹ ተሸነፉ፤ ለኮንግረስ የተወዳደሩት የፓርቲው ሊቀ መንበር ዴቭ ዊሊያምስ ራሳቸው ከተሸናፊዎቹ አንዱ ነበሩ።

የተሰጠ ድጋፍ ሊነጠቅም ይችላል። በ2025 በሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ የዴሞክራቶቹ ፓርቲ ቅርንጫፍ ለከንቲባነት የሶማሌ ተወላጁን ኦማር ፋቴህን ደገፈ። በኤሌክትሮኒክ ድምፅ አሰጣጡ ላይ ጉድለት ተገኝቷል ተብሎ የክፍለ ግዛቱ ፓርቲ በዚያው በጋ ድጋፉን ሻረው። ኖቬምበር ላይ ያሸነፉት በሥልጣን ላይ የነበሩት ጄኮብ ፍሬይ ናቸው።

«ትልቅ ሰው ከደገፈው አለቀ» እና «ድጋፍ ምንም ዋጋ የለውም»

ሁለቱም ሲባሉ እሰማለሁ፤ ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ2022 ዶናልድ ትራምፕ በጆርጂያ ገዥውን ብራያን ኬምፕን ለመጣል ዴቪድ ፐርዱን ደገፉ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ኬምፕ የ2020ውን የምርጫ ውጤት እንዲቀለብሱ የቀረበላቸውን ግፊት አልተቀበሉም። ኬምፕ 74 በመቶ ገደማ፣ ፐርዱ 22 በመቶ ገደማ አገኙ። የምርጫ ኃላፊው ብራድ ራፈንስፐርገርም ትራምፕ የደገፉትን ተፎካካሪያቸውን ያለ መለያ ምርጫ አሸነፉ።

በዚያው ዓመት በሜሪላንድ የትራምፕ ድጋፍ ሠርቷል። ተሰናባቹ ገዥ ላሪ ሆገን የቀድሞ የካቢኔ አባላቸውን ኬሊ ሹልዝን ደገፉ፤ ትራምፕ ደግሞ ዳን ኮክስን። ኮክስ አሸነፉ። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። የዴሞክራት ገዥዎች ማኅበር ራሱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ኮክስ የትራምፕ ሰው መሆናቸውን ለሪፐብሊካን መራጮች የሚያስታውቅ ማስታወቂያ አሠራጭቷል። ማስታወቂያው ለላይ ላዩ ተቃውሞ ይመስላል፤ ሥራው ግን ኖቬምበር ላይ በቀላሉ የሚሸነፍ ተፎካካሪን መምረጥ ነበር። የዴሞክራቶቹ እጩ ዌስ ሙር ኮክስን ከ30 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፏቸው። ይህ አካሄድ ያሳስበኛል፤ የተጠላው እጩ አንድ ቀን ቢያሸንፍስ? ለማንኛውም በቅድመ ምርጫ ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ማስታወቂያ ሁሉ ማን እንደከፈለበት ማየት ተገቢ ነው፤ ስሙ በሕግ መጻፍ አለበት።

ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በ2022 በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ ለሜሪላንድ ገዥነት ቶም ፔሬዝን፣ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ዴቪድ ብሌርን ደገፈ። ሁለቱም በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። ብሌር በዚያ ላይ ከራሳቸው ኪስ ሚሊዮኖች አውጥተው ነበር።

በአንጻሩ በ2020 በደቡብ ካሮላይና የተደረገውን የዴሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫ እናስታውስ። ጆ ባይደን አይዋን፣ ኒው ሃምፕሸርንና ኔቫዳን ተሸንፈው ነበር። ፌብሩዋሪ 26 ቀን የክፍለ ግዛቱ የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ደገፏቸው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ባይደን ግማሽ የሚጠጋውን ድምፅ ይዘው አሸነፉ። ከመራጮቹ ግማሽ ያህሉ የክላይበርን ቃል ለውሳኔያቸው አስፈላጊ እንደነበረ ተናግረዋል።

ድጋፍ እንደ ዋስ ነው፤ ክብደቱ የሚመዘነው ዋሱ ለተበዳሪው ባለው ቅርበት ሳይሆን አበዳሪው ዋሱን በሚያምነው ልክ ነው። የደቡብ ካሮላይና ጥቁር መራጮች ክላይበርንን ለአሥርተ ዓመታት ያውቋቸዋል። የጆርጂያ ሪፐብሊካኖች ግን ትራምፕን ቢወዱም ስለ ገዥያቸው ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈለጉም።

ደግሞም የድጋፍ ትልቁ ጉልበት ብዙ ጊዜ ከስሙ ጀርባ ያለው ሥራ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ለእጩዎች ረጅም መጠይቅ ይልካል፣ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ በኮሚቴ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ በር የሚያንኳኩ ሰዎችን ያሰማራል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ መምህራን ማኅበር የደገፋቸውን እጩዎች ስም በፖም ቅርጽ በተሠራ ወረቀት ላይ አትሞ በምርጫ ጣቢያዎች ደጃፍ ያድላል። ለትምህርት ቦርድ ከቀረቡት እጩዎች አንዱንም የማያውቅ ወላጅ ያንን ወረቀት ይዞ ይገባል። ለዚህ ነው ዝቅ ላሉ ወንበሮች የሚሰጥ ድጋፍ ለገዥነት ከሚሰጠው ይልቅ የሚሠራው።

«አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ነው»

በጆርጂያ አዎን፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱ መሪዎች መለያ ምርጫ ይገባሉ። በሜሪላንድ ግን ብልጫ ያገኘ ያሸንፋል። ዌስ ሙር በ2022 እጩ የሆኑት 32 በመቶ ገደማ ድምፅ ይዘው ነው። ኤልሪች በ2018 ያገኙት 29 በመቶ ገደማ ነበር። እጩው በበዛ ቁጥር አንድ ላይ የሚቆም ትንሽ ማኅበረሰብ ክብደቱ ይጨምራል።

«እጩው በዓላችን ላይ ተገኝቷል፤ ማኅበራችን ደግፎታል»

ነጠላ ለብሶ ፎቶግራፍ መነሳት ድጋፍ አይደለም፤ በእርሱ በኩልም ቃል ኪዳን አይደለም። ከግብር ነፃ ሆኖ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችንን ጨምሮ፣ በ1954 በወጣው የፌዴራል ሕግ እጩን መደገፍም መቃወምም ተከልክሏል። በ2025 የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ፣ የአምልኮ ተቋም በአምልኮ ሥርዓቱ ውስጥ ለራሱ ምእመናን የሚናገረው ክልከላውን እንደ መጣስ እንደማይቆጠር ገልጿል። የማኅበረሰብ ማዕከልን ግን ይህ አይመለከተውም። ሊቀ መንበሩ በግል ስማቸው መደገፍ ይችላሉ። ማዕከሉም መራጭ ማስመዝገብና እጩዎችን ሁሉ በእኩል ጋብዞ ማወያየት ይችላል።

የሚያንገበግበኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። ፖለቲከኞችን የምንጋብዘው በእንቁጣጣሽና በመስከረም በዓላት ነው። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ቅድመ ምርጫው በዚያን ጊዜ አልፏል፤ የሚመጣው ሰው አሸናፊነቱን አረጋግጦ፣ ከእኛ የሚፈልገው ነገር ሳይኖር ነው። በፋሲካ ሰሞን ብንጋብዝ ግን ገና የሚለምን እጩ እናገኛለን፤ ስለ ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ፈቃድ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ስለሚያስተረጉም ሰው ጠይቀን መልሱን ከመምረጣችን በፊት እንሰማለን።

«ግሪን ካርድ ያለው በቅድመ ምርጫ መሳተፍ ይችላል»

ድምፅ መስጠት አይችልም። በቅድመ ምርጫ ለክፍለ ግዛትና ለፌዴራል ሥልጣን ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው በስህተት እንኳ ቢመርጥ ዜግነት ከመከልከል እስከ ከአገር መባረር ሊያደርሰው ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «በመራጭነት ልመዝግብዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ እሺ ብሎ መፈረም የብዙ ችግር መነሻ ሆኗል። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማዋ ምርጫ ታስመርጣለች፤ ይህ ግን ለከንቲባዋና ለከተማዋ ምክር ቤት ብቻ ነው፤ መዝገቡም የተለየ ነው።

ከድምፁ በመለስ ግን ቋሚ ነዋሪ ብዙ ማድረግ ይችላል። በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ለእጩ ማስተርጎም፣ በፌዴራል ሕግ መሠረት ገንዘብ መለገስም ተፈቅዶለታል። ሳያውቅ የተመዘገበ ሰው ካለ ደግሞ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ ስሙንም በጽሑፍ ያሰርዝ።